የጆሮ ጩኸትና ጭንቀቱ፦ በሐሳብ ወደ ዝናቡ መሄድ

 

ባለፈው ዶራ ተሰብስበን ምሳ ስንበላ አንዲት እህት “ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ፣ ሌሊት አያስተኛኝም፣ ላብድ ነው መሰለኝ” ብላ ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። እሷ ስትናገር ሌሎች 3 እህቶች ደግሞ “እኔም እኮ! እኔም እኮ!” አሉ። ለካ እያንዳንዳችን ብቻችንን የሆንን መስሎን ነው ዝም ያልነው። ያኔ ነው አዘጋጆቹ “አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ጻፊልን” ያሉኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ትምህርቴም 10ኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ነገር ግን ይህ ጩኸት ከ5 ዓመት በላይ አብሮኝ ስለኖረ፣ ከሐኪምም ጠይቄ፣ አንብቤም፣ ራሴም ላይ ሞክሬ ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ።

የእኔ የጀመረው ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 2020። ቀኑን ቤይሩት የነበርን ሁሉ አንረሳውም። አሽረፊዬ ነበር የምሠራው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ ወደቡ መጋዘን ውስጥ የነበረው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፣ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ቆጵሮስ ድረስ ተሰማ። እኔ ወጥ ቤት ኩሳ እየፈለፈልኩ ነበር። መስኮቱ ሲበተን ፍሪጁ ከለለኝና ከእጄ በቀር አልተቆረጥኩም። ከዚያ በኋላ ማዳሜ አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጭ—————። መስማቱ በ3 ቀን ተመለሰ። ጭ— የሚለው ግን አልሄደም።

በመጀመሪያ ችላ አልኩት። አገር ቤት እናቴ ጆሮዋ ሲጮህ “ዛሬ ደግሞ ማን እያማኝ ይሆን?” ብላ ትስቃለች። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ። “ይህን ያህል የሚያማኝ ማን ነው?” አልኩ። በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። ሌሊት ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ክፍሌ ስተኛ ድምፁ ጭንቅላቴን ይሞላዋል። ልቤ ይመታል፣ እጄ ያልበዋል፣ “ይህ ነገር እስክሞት አይለቀኝም” እላለሁ። በዚያ ሰሞን ብዙ እህቶቻችን ደመወዝ ሳያገኙ ሜዳ ላይ የተጣሉበት ጊዜ ነው፤ እኔም “ጆሮዋ አይሰማም ብለው ቢጥሉኝስ?” የሚል ፍርሃት ተጨመረብኝ። ሁለት ጊዜ ማዳም ጠርታኝ አልሰማሁም፣ ተቆጣች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በረንዳው ላይ ቆሜ መጥፎ ነገር ያሰብኩበት ሌሊት አለ። ይህን የምጽፈው እንዲህ የምታስብ እህት ካለች ዛሬውኑ ለአንዲት ሰው እንድትናገር ነው። ለእኔ ለመናገር ምክንያት የሆነችኝ ቴታ፣ የማዳሜ እናት ናት። እሷን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ይዤ ስሄድ ሐኪሙ የሚጠይቃትን ሰምቼ “ዶክተር፣ እኔም አለኝ” አልኩት። ጥሩ ሰው ነበር፣ እዚያው ጆሮዬን አየልኝ፣ መስሚያ አድርጎም ለካኝ።

በዐረብኛ ስሙ ጠኒን ይባላል፣ ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። ሐኪም ቤት ስትሄዱ “ጠኒን” ብትሉ ወዲያው ይገባቸዋል፤ “ጆሮዬን አሞኛል” ካላችሁ ግን የቁስል መድኃኒት ሰጥተው ሊሸኟችሁ ይችላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጆሮ ጥልቅ ውስጥ ቀንድ አውጣ የምትመስል ትንሽ አካል አለች፣ ኮክሊያ ትባላለች። በውስጧ 15 ሺህ ገደማ ፀጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ሴሎች አሉ። ድምፅ ሲገባ ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ፣ መልእክቱንም ወደ አንጎል ይልካሉ። ከመጠን ያለፈ ድምፅ ግን በረዶ እንደመታው ማሳ ያጋድማቸዋል። ጤፍ በዓመቱ እንደገና ይዘራል፤ እነዚህ ሴሎች ግን በሰው ላይ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። አንጎል ደግሞ ከዚያ በኩል የሚጠብቀው ወሬ ሲቀርበት፣ እኛ ሬዲዮ አልሰማ ሲለን ድምፁን እንደምንጨምረው፣ እሱም ይጨምራል። ያኔ ሽሽታው ይሰማል። ስለዚህ ድምፁ ከውጭ አይደለም፣ ጂኒም አይደለም፣ እብደትም አይደለም። ምክንያቱም ፍንዳታ ብቻ አይደለም። እርጅና፣ የጆሮ ኩክ መጠቅጠቅ፣ ለረጅም ጊዜ ትልቅ ጩኸት አጠገብ መሥራት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ያመጡታል።

“እብደት አይደለም” ያልኩትን እንድታምኑ አንድ ነገር ልጨምር። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄለርና በርግማን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን መስማታቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን አንድ በአንድ በጣም ፀጥ ባለ ክፍል አስቀመጧቸው። 5 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመቶ 94ቱ በጆሯቸው ወይም በጭንቅላታቸው ውስጥ ድምፅ ሰማን አሉ። ሹክሹክታ፣ ፉጨት፣ እንደ ንብ መንጋ። ጤነኛ ሰዎች ናቸው እኮ! ልዩነቱ የእኛው ከፍ ማለቱና፣ እኛ ደግሞ መፍራታችን ነው።

ዋናው ቁም ነገር ይህ መፍራት ላይ ነው። እስቲ አስቡት፤ ደክሞሽ ስትተኚ የመንገዱ መኪና ጡሩምባ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥን፣ የሞተሩ ድምፅ አያነቃሽም። ማዳም ግን በቀስታ ስምሽን ብትጠራ ዘለሽ ትነሻለሽ። የማዳም ድምፅ ከሞተር በልጦ አይደለም፤ አንጎልሽ “ይሄኛው አደጋ አለው” ብሎ ስለመዘገበው ነው። የጆሮ ጩኸትም እንዲሁ ነው። ያስትሬቦፍ የሚባል ተመራማሪ በ1990 እ.ኤ.አ. ያስረዳው ይህን ነው፤ አንጎል ድምፁን እንደ አደጋ ከቆጠረው ዘበኛ ያቆምበታል፣ ዘበኛው ሌሊቱን ሙሉ ያዳምጣል፣ ባዳመጠ ቁጥር ጎልቶ ይሰማል፣ በጎላ ቁጥር ፍርሃቱ ይብሳል። አደጋ አለመሆኑን ከተማረ ግን እንደ ፍሪጅ ድምፅ ይተወዋል። ድምፁ ይኖራል፣ ማዳመጡ ይቀራል። ሐኪሙም ለእኔ ያለኝ ይህንኑ ነው፤ “ድምፁን ላጠፋልሽ አልችልም፣ ፍርሃቱን ግን ልናሳንሰው እንችላለን።” እኔ በዚያን ቀን ተናድጄ ነበር። መድኃኒት ነበር የፈለግኩት።

ፍርሃቱን የማሳነሻው አንዱ መንገድ በሐሳብ ሥዕል መሥራት ነው። ሐሳብ ሰውነት ላይ ምን ሊሠራ ይችላል የምትል ካለች አሁን ትሞክረው፦ ቢጫ ሎሚ፣ ከፍሪጅ የወጣ፣ በቢላ ሁለት ቦታ ከፍለሽ ግማሹን ስትነክሽው። ምራቅሽ መጣ አይደል? ሎሚው የለም እኮ። ሰውነት ለሥዕሉ መለሰ። “ቢጥሉኝስ” የሚል ሥዕል ልብ የሚያስመታ ከሆነ፣ የሰላም ሥዕል ደግሞ ልብን ያረጋጋል ማለት ነው።

ሐኪሙ አንዲት የዐረብኛ ወረቀት ሰጠኝ፣ ቴታ አነበበችልኝ። “በባሕር ዳር ተኝተሻል፣ ማዕበሉ ቀስ ብሎ ይመጣል…” ይላል። ለፈረንጅ ጥሩ ይሆናል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ባሕር ሳስብ የመጣልኝ ወደቡ ነው፣ ያ ሮዝ ጭስ። ላብ በላብ ሆኜ ተነሣሁ። “ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም” ብዬ ወረቀቱን ቀደድኩት። ቀጥሎ ደግሞ ፍጹም ፀጥ ያለ ቦታ ለማሰብ ሞከርኩ፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን። ይህም አልሆነም፤ ፀጥታውን ባሰብኩት መጠን ጩኸቱ ብቻውን ጎልቶ ቀረ። በጨለማ ቤት ውስጥ ኩራዝ እንደማብራት ነው፣ ትንሿ መብራት ቤቱን ሁሉ ትሞላዋለች።

መፍትሔውን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። አንድ ቀን ሽንኩርት እየጠበስኩ ሳለ ለጥቂት ጊዜ ጆሮዬን እንደረሳሁት አስተዋልኩ። ዘይቱ ሽ— ሲል የእኔ ጭ— ውስጡ ገብቶ ጠፋ። ያን ሌሊት አሰብኩ፤ ጩኸቱን የምሸሽበት ሥዕል ሳይሆን፣ ጩኸቱ ራሱ ቦታ የሚያገኝበት ሥዕል ነው የሚያስፈልገኝ። ያኔ የቤታችን ጣሪያ ትዝ አለኝ። ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ ወር፣ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ። ክረምት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገች ሁሉ ታውቀዋለች፤ ዝናቡ ሲበረታ ሰው ለሰው አይሰማማም፣ ግን ማንም አይፈራም። እንዲያውም እንቅልፍ የሚወስደን ያኔ ነው።

አሠራሩን እንደምሠራው ልንገርሽ። አንቺ እያልኩ የምጽፈው ብቻሽን ሆነሽ ስለምትሠሪው ነው።

ሥራ ጨርሰሽ ጋደም በዪ። መጀመሪያ ጥርስሽን እዪው፣ እየነከስሽ ነው? አብዛኞቻችን እየነከስን ነው የምንውለው። አገጭሽን ልቀቂው፣ ምላስሽ ይረፍ። ጥርስ መንከስ ብቻውን ድምፁን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ ስቢውና ልቀቂው። እጅሽን ጨብጪና ልቀቂ። ከዚያ በአፍንጫሽ 4 እየቆጠርሽ ሳቢ፣ 6 እየቆጠርሽ አውጪ። የምታወጪው ከምታስገቢው ይርዘም፤ ልብን የሚያዘገየው ማውጣቱ ነው። ደርዘን ያህል ጊዜ በቂ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ግቢ። ዝም ብለሽ “ቤት” አትበዪ፣ በሩን ንኪው። የእኛ በር ዝገት አለው፣ ሲከፈት ይንጫጫል። ውስጥ ገብስ ቆሎ እየተቆላ ነው፣ ሽታው ይምጣ። ጋቢው እግርሽ ላይ ነው፣ ጠርዙ ሸካራ ነው። አንዲት ዶሮ ከዝናቡ ሸሽታ አልጋው ሥር ገብታለች። ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ባልዲው ውስጥ ይንጠባጠባል፣ ይህ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ከላይ ደግሞ በቆርቆሮው ላይ ያለው ቀጭኑ ዝናብ አለ። እሱ የጆሮሽ ድምፅ ነው። አትግፊው። እዚያው ይዝነብ። “ዝናቡ ዛሬ በርትቷል” በዪና ወደ ቆሎው ሽታ ተመለሺ። ሐሳብሽ ወጥቶ ወደ ነገ ሥራ ወይም ወደ ደመወዝ ይሄዳል፣ የታወቀ ነው፤ አትቆጪ፣ እንደገና በሩን ንኪና ግቢ። እኔ በአንድ ሌሊት 20 ጊዜ በሩን የነካሁበት ቀን አለ።

10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። በጭንቅ ሰዓት ብቻ ሳይሆን ደህና በሆንሽበት ሰዓትም ሥሪው፣ አለበለዚያ በጭንቅ ሰዓት መንገዱ ይጠፋብሻል። እኔ ልዩነት ያየሁት በ3ኛው ሳምንት ላይ ነው። ድምፁ ቀነሰ ማለቴ አይደለም። ልቤ መምታቱን ቀነሰ፤ ከዚያ እንቅልፉ መጣ።

ሥዕሉ ውስጥ ስለሚገቡ ሰዎች ግን ተጠንቀቁ። መጀመሪያ ታናሽ ወንድሜን አስገብቼው ነበር። ናፍቆቱ ገደለኝ፣ በዝናቡ ፈንታ እኔ አነባሁ። ስለዚህ ሰዎቹን ሁሉ አስወጥቼ ዶሮዋን ብቻ ተውኳት። (እናቴ ይህን ብትሰማ ምን እንደምትለኝ አላውቅም።) በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ፣ ስልክ ተቋርጦ የቤተሰቤ ወሬ ሲጠፋ፣ ያ ቤት ራሱ የፍርሃት ሥዕል ሆነብኝ። በሩን ስነካ ልቤ ይደነግጣል። ያኔ ሌላ ሥዕል ሠራሁ፣ አገር የሌለው። የቡና መቁያ ብቻ፤ ፍሬው አረንጓዴ ሲሆን፣ ሲያጠቁር፣ ሲፈነዳ፣ ሽሽታውና ጭሱ። ቦታ የለውም፣ ሰው የለውም፣ ጦርነት አይደርስበትም። ስለዚህ ሁለት ሥዕል ይኑራችሁ እላለሁ። ቤተሰቦቼ ደህና መሆናቸውን ከሰማሁ በኋላም ወደ ቆርቆሮው ለመመለስ ወራት ፈጅቶብኛል።

ዓይን ስትጨፍኑ ፍንዳታው ወይም የደረሰባችሁ ሌላ ክፉ ነገር የሚመጣባችሁ ከሆነ ደግሞ አትጨፍኑ። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አድርጉ፣ የምታዩትን 5 ነገር ስም ጥሩ፤ ማንጠልጠያ፣ ባልዲ፣ መብራት እያላችሁ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጦርነቱ ቤይሩት ሲደርስና አውሮፕላኖቹ ከተማው ላይ የድምፅን ፍጥነት ጥሰው ሲያልፉ፣ እኔ ሥዕል መሥራት አልቻልኩም። የሠራልኝ ይህ የመቁጠር ነገር ብቻ ነው። እስከ ኅዳር ተኩስ አቁም ድረስ እንዲያ ነው የኖርኩት፣ ማፈር የለበትም።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ሞተሩም ሲያበቃ፣ ቬንቲሌተሩ ይቆምና ያ ክፉ ፀጥታ ይመጣል። ጩኸቱ የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ ሌሊት ትንሽ ድምፅ ይኑራችሁ፤ ስልክ ላይ የተቀዳ የዝናብ ድምፅ፣ ዝቅ ያለ ሬዲዮ። ጩኸቱን እስኪሸፍን አታስጩኹት፣ ከጎኑ ይሁን እንጂ በላዩ አይሁን። በመስሚያ ሙዚቃ ስትሰሙም ከግማሽ ትንሽ ከፍ ካለ ይበቃል፣ እህቶቼ፣ በያዛችሁት ጆሮ ላይ አትጨምሩበት። ቀኑን ሙሉ ጆሮን በጥጥ መድፈንም አይጠቅምም፣ አንጎል ይበልጥ እንዲያዳምጥ ያደርገዋል።

ሥዕል ከመሥራት በፊት ግን ሐኪም ማየት ያለባት እህት አለች። ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር ዱብ ዱብ የሚል ከሆነ፣ ራስ አዙሮ የሚጥል ከሆነ፣ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ከሆነ፣ ከጆሮ ፈሳሽ ካለ። በድንገት አንድ ጆሮ መስማት ካቆመ ወይም ፊት አንድ ጎኑ ከተንሻፈፈ ደግሞ በዚያው ቀን ነው መሄድ፤ ለጆሮው መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ከተጀመረ ነው። ማዳም “እሁድ ትሄጃለሽ” ብትል አትስሙ፣ እኛን ጥሩን። ነጭ ሽንኩርት መክተት፣ ዘይት አፍልቶ ማፍሰስ፣ በጥጥ እንጨት መጎርጎር፣ እባካችሁ ይቅርባችሁ። አንዲት እህት በፀጉር መርፌ ታምቡሯን በስታዋለች።

ሐኪም ለማግኘት የሚችሉ ደግሞ ስለ ቲኒተስ ጭንቀት በጥናት የተሻለ ውጤት ያሳየው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚሉት የንግግር ሕክምና መሆኑን ይወቁ። አስፈሪውን ሐሳብ ይዞ “እውነት ነው ወይ?” ብሎ መመርመር ነው። እኔ እሱን አላገኘሁም። በደብተር ላይ ግን “እስክሞት አይለቀኝም” ብዬ ጻፍኩና ከሥሩ “ዛሬ ሽንኩርት ስጠብስ ለቆኝ ነበር” ብዬ ጻፍኩ። ያው እሱ ይመስለኛል።

በዚያ ምሳ ላይ ያለቀሰችው እህት ፈቅዳልኝ ነው ይህን የምጨምረው። እሷ ዝናብ አልሆነላትም፣ ቡናም አልሆነላትም። የመረጠችው የእንጀራ ምጣድ ነው፤ ሊጡ ሲፈስ ጭ— ሲል፣ ዓይን ሲያወጣ፣ አክንባሎው ሲከደን እንፋሎቱ። ባለፈው እሁድ “እንዴት ሆነ?” ብዬ ጠየቅኳት። “እንቅልፉስ እየመጣ ነው” አለችኝ፣ “ችግሩ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንጀራ ያምረኛል።”